ተመትተህ ግባ አትበሉኝ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በጽዋ ማኅበራችን ላይ፣ እጄ በፋሻ ተጠቅልሎ ያዩ አንድ አባት ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና «ልጄ፣ አንተ እኮ ስደተኛ ነህ። ተመትተህ ብትገባስ ምን ነበረበት?» አሉኝ። በዙሪያችን የነበሩትም «እውነታቸውን ነው» አሉ። የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ቆሞ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን ያያል። ሽበታቸውን አፍሬ ዝም አልኩ። ሳምንቱን ሙሉ ያ ዝምታ ከተሰበረው አጥንቴ ይልቅ ሲያመኝ ከረመ።

ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝና ዛሬ እመልስልዎታለሁ።

ሐሙስ ሌሊት ነው፤ ስድስት ሰዓት አልፏል። ከሥራ ወጥቼ እዚህ ለንደን አርችዌይ ጣቢያ ከባቡር ወረድኩ። ናቪጌተር ስኩዌርን አቋርጬ ወደ ጃንክሽን ሮድ ስታጠፍ አንድ የሰከረ ሰው ተከተለኝ። ሲጋራ ጠየቀኝ፤ የለኝም አልኩት። ሰደበኝ፤ እንዳልሰማ ሆንኩ። መንገዱን ተሻገርኩ፤ ተሻገረ። ፈጠን አልኩ፤ ሮጦ ደረሰብኝ። መዝጊያው የወረደ ሱቅ በር ላይ ኮሌታዬን ይዞ ከብረቱ ጋር አጣበቀኝና አገጬን በቡጢ አለኝ። ሁለት መዳፎቼን ከፍቼ ደረቴ ላይ አንስቼ «ተው፣ ተው» አልኩት። ደገመኝ። ያኔ ከሆዴ የወጣው ድምፅ እንግሊዝኛ አልነበረም። «በሕግ አምላክ!» ብዬ ጮህኩ።

ከመንገዱ ማዶ ሁለት ወጣቶች ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጹናል። ሦስተኛውን ሲሰነዝር መታሁት። አንድ ጊዜ ብቻ። ተንገዳግዶ በቂጡ ተቀመጠ።

«በሕግ አምላክ» ማለት ምን እንደነበረ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። በእርስዎ ዘመን «በኃይለ ሥላሴ አምላክ» የተባለ ሰው ዱላውን እንዳነሳ ይቆም ነበር። ያ ጩኸት የደካማው ጋሻ ነበር። ከጩኸቱ በኋላ ደግሞ ገላጋይ አለ። እኔ ባደግኩበት የአዲስ አበባ ሰፈር ሁለት ልጆች ሲጣሉ ነገር አቀጣጣዩ ሁለት የአፈር ክምር ሠርቶ «ይቺ የእናትህ ጡት፣ ያቺ የእናቱ ጡት» ይላል፤ አንዱ ረግጦ ሲበትን ድብድቡ ይጀመራል። ጥፊው፣ ካልቾው፣ ቴስታው ይወርዳል። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ግን አንዲት እናት ነጠላዋን እየጎተተች፣ አንድ ባለሱቅ ሚዛኑን ጥሎ፣ አንድ መንገደኛ ዕቃውን አስቀምጦ መሐል ይገባሉ። ድፍረታችን ሁሉ የቆመው በእነሱ ላይ ነበር። ያዙኝ ልቀቁኝ የሚለው ልጅ የሚይዘው ሰው እንዳለ ስለሚያውቅ ነው።

አርችዌይ ላይ የሚይዝ የለም፤ የሚቀርጽ ነው ያለው። ስለዚህ ልጆቻችን ያንን የሰፈር ልማድ ይዘው ከመጠጥ ቤት በር ላይ «ና ውጣ!» ሲሉ ደሜ ይፈላል። በአንድ ቡጢ ሰው ይሞታል። የሚገድለው ብዙ ጊዜ እጁ ሳይሆን የወደቀው ሰው ጭንቅላት አስፋልቱን ሲመታ ነው። ጠቡን የጀመርከው አንተ ከሆንክ፣ ልግደለው ባትልም በሰው መግደል ወንጀል ትከሰሳለህ። በስድብ የተነሳ፣ በሴት የተነሳ፣ «ናቀኝ» በሚል የተነሳ ድብድብ ሁሉ ሊቀር የሚችል ነው። እሱ ላይ እኔና እርስዎ አንለያይም።

የምንለያየው ሊቀር በማይችለው ላይ ነው። ጀርባዬ ብረት ነክቶ፣ አፌ ለምኖ፣ እግሬ ሸሽቶ ካለቀ በኋላ እጄን ልሰብስብ ይላሉ? ማን ነው ይህን ያዘዘው? ሕጉ ነው እንዳይሉኝ። እዚህ አገር እ.ኤ.አ. የ1967ቱ የወንጀል ሕግ፣ ቀጥሎም የ2008ቱ ሕግ በአንቀጽ 76፣ ሰው ራሱን ለመከላከል ተመጣጣኝ ኃይል መጠቀም እንደሚችል ያስቀምጣሉ። የመሸሽ ግዴታ የለብህም፤ መሸሽ ትችል እንደነበር ግን ዳኞቹ ይመዝናሉ። የመጀመሪያው ቡጢ እስኪያርፍብህ መጠበቅ የለብህም። በዚያች ቅጽበት ኃይልህን በሚዛን ለክተህ እንድትሰነዝርም ማንም አይጠይቅህም፤ በቅንነት አስፈላጊ የመሰለህን ማድረግህ ራሱ ትልቅ ማስረጃ ነው። የአገራችን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ያውቃል፤ ቀጣዩ አንቀጽ ከመጠን ያለፈውን ሰው እንኳ በድንጋጤና በፍርሃት ከሆነ ዳኛው ሊምረው እንደሚችል ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1996 አርሲ ውስጥ በ14 ዓመቷ የተጠለፈችው አበራሽ በቀለ ጠላፊዋን ተኩሳ ስትገድል፣ ከረጅም ሙግት በኋላ ነጻ የወጣችው ራሷን ተከላክላለች ተብሎ ነው። እሷንም «ታግሰሽ ብትቀመጪ» ያሏት ሰዎች ነበሩ፤ ከቀዬዋም ተባረረች። ያ ድምፅና የእርስዎ ድምፅ አንድ ሆኖ ተሰማኝ፤ ስለዚህ ነው ያስቆጣኝ።

«ወረቀትህስ?» ይላሉ። ገባኝ። ዜግነት ስትጠይቅ መልካም ጠባይህ ይመረመራል፤ አንድ የጥፋተኝነት ፍርድ ስንት ዓመት የለፋህበትን ያበላሻል። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ መድኃኒት ብላችሁ የሰጣችሁን ዝምታ ግን መርዝ ነው። ተመትቶ ዝም ብሎ የገባ ሰው ቃሉን አልሰጠም፤ ቃሉን ያልሰጠ ሰው ታሪኩን ለመቺው ለቀቀለት። እኔ በዚያች ሌሊት 999 ደውዬ ፖሊስ እስኪመጣ እዚያው ቆምኩ። ከየት ጀምሮ እንደተከተለኝ፣ ስንት ጊዜ እንደመታኝ፣ ስንት ጊዜ እንደመታሁት በቅደም ተከተል ተናገርኩ። ጎህ ሲቀድ የሱቁን ሰው ስለ ካሜራው ጠየቅኩት፤ ምስል ሳይጠፋ መያዝ አለበት።

ዝምታ ያድናል የሚል ካለ ሙሉጌታ ስራውን ያስታውስ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 1988፣ ፖርትላንድ፣ ኦሪገን። ለትምህርት የሄደ የ28 ዓመት ወጣት፣ ጓደኞቹ በመኪና ቤቱ ሊያደርሱት ነበር። ሦስት ጭንቅላታቸውን የተላጩ ዘረኞች ደረሱባቸው፤ በቤዝቦል ዱላ ቀጥቅጠው ገደሉት። ዱላውን የያዘው ገዳይ የገደለው በሙሉጌታ ዘር ምክንያት መሆኑን በፍርድ ቤት አምኗል። እ.ኤ.አ. በ1990 ዳኞች ዘረኞቹን በቀሰቀሰው ድርጅት፣ በመሪው በቶም ሜትዝገርና በሌሎች ተከሳሾች ላይ በድምሩ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈረዱ። ሙሉጌታ ምን አጠፋ? አጥቂ የሚመጣው አንተ ስላጠፋህ አይደለም፤ ስለዚህ አንገትህን ስለደፋህም አይመለስም። ሦስት ሰው ዱላ ይዞ ሲመጣ ግን ቡጢ ቦታ የለውም፤ መሮጥና መጮኽ ነው። ይህንንም ለልጆቻችን ያልነገርናቸው እኛ ነን።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ያ ሰው መሬት ላይ ሲቀመጥ እግሬ ተነስቶ ነበር። ፊቱን በካልቾ ልለው። ሕጉ እስከዚያች ሰከንድ ከእኔ ጋር ነበር፤ እግሬ ቢወርድ ኖሮ ትቶኝ ይሄድ ነበር። ያቆመኝ ከአርችዌይ ብዙም የማይርቀው ፊንስበሪ ፓርክ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2017፣ በረመዳን ሌሊት፣ አንድ ሰው ቫን እየነዳ ከሶላት በወጡ ሰዎች ላይ ወጣባቸው፤ መክረም ዓሊ ሞቱ። ሕዝቡ ነጂውን መሬት ላይ ይዞት ሳለ ኢማም ሙሐመድ ማሕሙድ መሐል ገብተው ፖሊስ እስኪወስደው ከለሉት። ለንደን ላይ አንድ ገላጋይ አየሁ ብዬ ያን ጊዜ አልቅሻለሁ። እግሬን መለስኩ።

እጄን ያሳየሁት ዊቲንግተን ሆስፒታል ነው። ኤክስሬዩን ያነሳችው ልጅ የትንሿ ጣቴ ሥር አጥንት መሰበሩን አሳየችኝ፤ ጠንካራ አጥንትን በቡጢ የሚመታ ሰው የተለመደ ስብራት ነው። ስወጣ የመንገዱን ስም ቀና ብዬ አነበብኩ። መቅደላ ጎዳና ይላል። ጋሼ፣ በየዓመቱ ለልጆቻችን ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እጅ አልሰጥም እንዳለ ዓይንዎ እንባ እያቀረረ የሚተርኩት እርስዎ ነዎት። ያንን ታሪክ ሰምቶ ያደገ ልጅ፣ በዚያው ስም የሚጠራ መንገድ ባለበት ሰፈር ተመትተህ ግባ ሲባል ምን ይማር?

የልጅ ልጅዎን ቅዳሜ እኔ ዘንድ ይላኩልኝ። መጀመሪያ መዳፉን ከፍቶ ፊቱ ፊት እያቆመ ወደ ኋላ መራመድን አሳየዋለሁ። ከዚያ መጮኽን፤ ከዚያ መንገድ ሲያገኝ መሮጥን። አውራ ጣቱን ቡጢው ውስጥ እንዳይቀብር፣ ከቡጢ ይልቅ በመዳፉ ሥር መግፋት አጥንቱን እንደሚያተርፍለት እነግረዋለሁ። ሰውየው ሲወድቅ እንዲያቆም፣ አምቡላንስ እንዲጠራለት፣ ቆሞም ቃሉን እንዲሰጥ። እርስዎም አብረውት ይምጡ፤ «በሕግ አምላክ» አባባሉን ከእርስዎ ይማር፤ እኔ ድምፄ ዘግቷል።