ቅን ሹም የተደራጀ ሕዝብን አይተካም

የአንድ ባለሥልጣን ቅንነት ምንም ያህል የጠለቀ ቢሆን፣ የሠፊውን ሕዝብ የተባበረ ክንድ ሊተካ እንደማይችል የገዛ ታሪካችን ያስተምረናል። ለዚህም ከቢሮ ጠረጴዛ ተነሥቶ ወደ ፖለቲካ ትግል ከገባው ከገርማሜ ነዋይ ሕይወት የበለጠ ምስክር አንሻም።

ገርማሜ በአሜሪካ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሲማር የመመረቂያ ጽሑፉን ያዘጋጀው በኬንያ ስለ ነጭ ሠፋሪዎች ፖሊሲ ነበር። ወደ አገሩ ተመልሶ የወላይታ ገዥ በሆነ ጊዜ መሬት ለሌላቸው ገበሬዎች መሬት አደለ። ባለርስቶች ጮኹ፤ የገበሬውን ተስፋ የተሸከመው ሹምም በዝውውር ትእዛዝ ወደ ጅጅጋ ተላከ።

ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ከወንድሙ ከጄኔራል መንግሥቱ ነዋይ ጋር የክብር ዘበኛን ጦር ይዞ መፈንቅለ መንግሥት አካሄደ። ተማሪዎች በሰልፍ ደገፉት፤ ጭሰኛውና ሠራተኛው ግን አስቀድሞ አልተመከረም፣ አልተደራጀም። ምድር ጦርና አየር ኃይል ለንጉሡ ቆሙ። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከታገቱት ባለሥልጣናት ብዙዎቹ ተገደሉ፤ ይህ ደም የሕዝብን ጥያቄ አንዲት ጋት አላራመደም። ገርማሜም ታኅሣሥ 15 ቀን ከሞጆ አቅራቢያ ሕይወቱ አለፈ።

ከሞጆ በአዳማ በኩል ወደ አርሲ የሚሻገር መንገደኛ የሁሩታን አካባቢ ያገኛል። በዚያ በጭላሎ ምድር በ1960 ዓ.ም. ካዱ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ይዞ መጣ። ይሁን እንጂ መሬቱ የባለርስቱ ስለነበረ ትርፉ ወደ ባለርስቱ አደላ፤ ትራክተር በገባበት ሁሉ ብዙ ጭሰኛ ተፈናቀለ። የየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ጭሰኝነትን አስወግዶ የይዞታን ወሰን 10 ሄክታር ሲያደርግ፣ አፈጻጸሙን ለገበሬ ማኅበራት ሰጠ። ገርማሜ ያጣው ይህንኑ ነበር።

ነገር ግን ማኅበር መመሥረት ብቻውን አይበቃም። እነዚያው ማኅበራት ቆይተው የእህል ኮታ መሰብሰቢያ በሆኑ ጊዜ፣ ገበሬው በገዛ ማኅበሩ ውስጥ ሌላ ሹም አገኘ።

ስለሆነም የቀበሌ ነዋሪዎችና ሠራተኞች ደግ ሹም እስኪመጣ እጃችንን አጣጥፈን ልንጠብቅ አይገባም። በስብሰባ እንገኝ፤ የማኅበራችንን ሒሳብ እንመርምር፤ የመረጥነውን እንጠይቅ። ሹም ይዛወራል፤ ነቅቶ የተደራጀ ሕዝብ ግን ከቦታው አይነቃነቅም!