ነጭ ሽንኩርት የት ድረስ ያግዛል?

የ45 ቀን ጫጩቶች ገዝተው ጓሮዎ ውስጥ ማርባት ከጀመሩ፣ “ነጭ ሽንኩርት ይስጧቸው፣ ሌላ መድኃኒት አያስፈልግም” የሚል ምክር ሳይደርስዎ አይቀርም። ምክሩ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ጫጩቶችዎን ሊያሳጣዎት ይችላል።

ከጓሮ ዶሮ ጠላቶች አንዱ ኮክሲዲያ የተባለ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተህዋሲ ነው። በአንጀት ውስጥ ይራባል፣ ከኩስ ጋር ይወጣል፣ እርጥበትና ሙቀት ባለው ጉዝጓዝ ላይ በ1 ወይም በ2 ቀን ለመበከል ይደርሳል። ጫጩቷ መሬት ጭራ ስትለቅም መልሳ ትውጠዋለች። በተለይ የሚጎዱት ከ3 እስከ 6 ሳምንት የሆናቸው ናቸው። በረኪና አይገድለውም።

ተክሎቹስ? ኮክሲዲያ የወባ ተህዋሲ የሩቅ ዘመድ ነው። ተመራማሪዎች የወባ መድኃኒት የሚገኝበትን አርቴሚሲያ አኑዋን በዶሮ ላይ ሞክረውታል፤ ነጭ ሽንኩርትና የኦሬጋኖ ዘይትም ተሞክረዋል። በበርካታ ሙከራዎች ጉዳቱን ቀንሰዋል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አላጠፉትም። ብዙውን ጊዜም የተሰጡት ጫጩቶቹ ከመታመማቸው በፊት ነው። ስለዚህ ነጭ ሽንኩርትን እንደ መኖ ማጠናከሪያ ይዩት። ለ1 ኪሎ መኖ 1 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ይበቃል፤ ሲበዛ መኖውን ይጠሉታል። ለሆድ ትል የሚታወቀውን የዱባ ፍሬም ወቅጠው መቀላቀል ይችላሉ። ኮሶን ግን አይሞክሩ፤ መጠኑ ሲያልፍ ሰውንም ይጎዳል።

ጫጩቷ ላባዋን አቁማ ጥግ ከያዘች፣ መብላት ካቆመች፣ ኩሷ ላይ ደም ካዩ፣ ነጭ ሽንኩርት የሚፈጩበት ጊዜ አልፏል። በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ያነጋግሩ። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው አምፕሮሊየም ነው፤ በመጠጥ ውሃ ተበጥብጦ ለታመመችው ብቻ ሳይሆን አብረው ላሉት ሁሉ ይሰጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ቤት የሚፈጸም ስህተት አለ፦ “እንዲበረቱ” ተብሎ ቫይታሚን አብሮ ይጨመራል። አምፕሮሊየም የሚሠራው ተህዋሲው ቫይታሚን ቢ1 እንዳያገኝ በመከልከል ነው። ቢ1 ያለበት ቫይታሚን ሲጨመር የመድኃኒቱ ኃይል ይዳከማል። ቫይታሚኑን መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ይስጡ። እንቁላል የሚጥሉ ዶሮዎች ካሉዎት፣ እንቁላሉን ከመቼ ጀምሮ መብላት እንደሚቻል ሐኪሙን ይጠይቁ።

ከሁሉም የሚበልጠው መከላከያ ደረቅ ጉዝጓዝ ነው። የረጠበውን ሰጋቱራ ቶሎ አውጥተው በደረቅ ይተኩ፤ በክረምት በየቀኑ ይፈትሹት። የውሃ መጠጫውን በጫጩቶቹ ጀርባ ከፍታ ልክ ያስቀምጡ፤ ውሃ አይፈስም፣ ኩስም አይገባበትም። ጫጩቶችን ከትልልቅ ዶሮዎች ለይተው ያሳድጉ፤ ትልልቆቹ ሳይታመሙ ተህዋሲውን ሊያሰራጩ ይችላሉ።

የዶሮ ኮክሲዲያ ወደ ሰው አይተላለፍም። ኩስ ግን ሌሎች ጀርሞችን ሊይዝ ስለሚችል፣ ልጆች ዶሮዎቹን ከነኩ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ጠዋት መኖ ሲሰጡም የኩሱን መልክ እንዲያዩና የተለየ ነገር ካለ እንዲነግሩዎት ያስለምዷቸው። በሽታው በጊዜ ከታየ፣ አብዛኞቹን ጫጩቶች ማትረፍ ይቻላል።