ዛክ እንደሚሞት እያወቅን ለምን እንጫወታለን?



«የጨዋታ ጥግ» ዛሬ እግር ኳሱን ለጊዜው ወደ ጎን ያደርግና ስለ አንድ የቪዲዮ ጌም ያወጋችኋል። ከአስተያየት ሣጥኑ ካወጣናቸው ወረቀቶች ውስጥ ሰባቱ ስለዚሁ ጌም የተጻፉ ሆነው አገኘናቸው። ስድስቱ እርስ በርሳቸው ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸውም። ሰባተኛው ከአንዲት እናት የመጣ ነው፤ እሱን ኋላ ላይ እናነሳዋለን። የጌሙ ስም «ክራይሲስ ኮር፦ ፋይናል ፋንታሲ ሰባት» ይባላል።

ለማያውቁት ወላጆች ነገሩን ከሥሩ እንጀምረው። እ.ኤ.አ. በ1997 ስኩዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ «ፋይናል ፋንታሲ ሰባት» የሚል ጌም ለፕሌይስቴሽን አወጣ። ባለታሪኩ ክላውድ የሚባል፣ ከቁመቱ የማያንስ ሰይፍ የተሸከመ ወጣት ነው። ክላውድ ስለ ራሱ ከሚያወራው ውስጥ ብዙው ግን የእሱ አይደለም፤ የሌላ ሰው ትዝታ ነው። ያ ሌላ ሰው ዛክ ነው። በዚያ ጌም ዛክ ገና ታሪኩ ሳይጀመር ሞቷል፤ አሟሟቱም ፈልጎ ላገኛት ብቻ በምትታይ አጭር ትዕይንት ነው የተነገረው። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 2007፣ ስሙን ስኩዌር ኢኒክስ ያደረገው ይኸው ኩባንያ የዛክን ታሪክ የሚተርክ ጌም በእጅ ለሚያዘው ፒ.ኤስ.ፒ. አወጣ። ሥራውን የመራው ሐጂሜ ታባታ ነው። አሜሪካና አውሮፓ የገባው በ2008 ነው። ማለትም ኋላ የወጣ፣ ግን ፊት የሆነውን የሚተርክ ጌም ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጭቅጭቅ ከዚህ ይነሳል። አንዱ ወንድማችን «ዛክ እንደሚሞት ታላቅ ወንድሜ ነግሮኛል፤ ታዲያ ምን ይሁን ብዬ ነው ባትሪዬን የምጨርሰው?» ብሎ ጽፏል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። እዚህ ቻርጅ ማድረግ በገንዘብ ነው፤ ደመና በሆነ ቀን ደግሞ በገንዘብም የለም።

ወንድሜ፣ ታላቅህ የነገረህን እኮ ሠሪዎቹም ያውቁታል። የ1997ቱን የተጫወተ ሰው ሁሉ የዛክን መጨረሻ እያወቀ እንደሚገዛው አውቀው ነው የሠሩት። ስለዚህ ጌሙ ጊዜውን ያጠፋው ልጁን በማስተዋወቅ ላይ ነው። ዛክ ጎንጋጋ ከምትባል የገጠር መንደር ጀግና እሆናለሁ ብሎ ወጥቶ፣ ሺንራ ለሚባለው ኃያል ኩባንያ ወታደር የሆነ ቀልደኛ ልጅ ነው። አለቃው አንጂል «ቡችላ» ይለዋል። እውነትም አርፎ መቀመጥ አይችልም፤ ሥራ ከፈታ ቁጭ ብድግ መሥራት ይጀምራል። አንጂል በጀርባው የተሸከመውን ትልቅ ሰይፍ ግን አይመዘውም ማለት ይቻላል። የድሃ ልጅ ነው፤ አባቱ የሰይፉን ዕዳ ልክፈል ብሎ ሲለፋ ነው የሞተው፤ ስለዚህ እንዳይዝግ፣ እንዳያልቅ ይሳሳለታል። አንዲት እህታችን «አያቴ ከአገር ይዛ የወጣችውን ነጠላ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣ የማትለብሰው እንዲሁ ነው» ብላ ጽፋልናለች። ከዚህ የተሻለ አናስረዳውም። ያ ሰይፍ ከአንጂል ወደ ዛክ፣ ከዛክ ደግሞ ወደ ክላውድ ያልፋል።

ሁለተኛው ጭቅጭቅ ዋነኛው ነው፤ የመንኮራኩሩ ነገር። ስክሪኑ ጥግ ላይ ሦስት ሥዕሎች ያለማቋረጥ ይሽከረከራሉ፤ ቁጥርና የሰው ፊት አለባቸው። የአንድ ሰው ፊት ሦስቱም ላይ ከገጠመ የዚያ ሰው ኃይል ለዛክ ይመጣለታል። የአበባ ሻጯ የኤሪዝ ፊት ከገጠመ ለምሳሌ ቁስሉ ይድናል። ሦስት ሰባት ከወጣ ሌቨል ይጨምራል። ዛክ በታሪኩ ውስጥ አዲስ ሰው በተዋወቀ ቁጥር ደግሞ የዚያ ሰው ፊት መንኮራኩሩ ላይ ይገባል።

ከስድስቱ ጸሐፊዎች አራቱ በዚህ ተናደዋል። «ይኼ ጌም ነው ወይስ ሎተሪ?» ይላል አንዱ። «ሙሉ ማታ ተዋግቼ አንድ ሌቨል አልወጣሁም፤ ጎረቤቴ አሥር ደቂቃ ነክቶት ሁለት ወጣ» ይላል ሌላው። እንዴ፣ እንዲህ ሲሆንማ ያበሽቃል! ነገር ግን ሙሉ በሙሉ ዕድል አይደለም። በየውጊያው የምታገኘው ልምድ ከመጋረጃ ጀርባ ይጠራቀማል፤ በተጠራቀመ ቁጥር የሦስቱ ሰባት የመውጣት ዕድል ከፍ ይላል። ጌሙ ቆጠራውን ስለማያሳይህ ነው ሎተሪ የሚመስልህ። ትክክለኛው ቅሬታ ሌላ ነው ባይ ነኝ። አደገኛ ጠላት ፊት ለፊት ቆመህ ልትመታው ስትል መንኮራኩሩ ስክሪኑን ሞልቶ ውጊያውን ያቆምብሃል፤ ያየኸውን ትዝታ እንደገና ያሳይሃል። ያንን ማንም ቢጠላው አይፈረድበትም።

ስለ ሚሽኖቹም ጥቂት እንበል። ከዋናው ታሪክ ውጭ 300 ሚሽኖች አሉት። አዎ፣ ሦስት መቶ። አብዛኞቹ ያው ዋሻ፣ ያው ሜዳ፣ ያው ኮሪደር ናቸው፤ ገብተህ ታሳድዳለህ፣ ትወጣለህ። በትልቅ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ለሚጫወት ሰው አሰልቺ ነው፤ እውነት ነው። ለእኛ ግን ከጌሙ ሁሉ የተመቸው ይኼ ሳይሆን አይቀርም። አንዱ ሚሽን ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ የውኃ ወረፋ ላይ ጀሪካንህን አስቀምጠህ ሁለት ትጨርሳለህ። ወረፋው ከተንቀሳቀሰ የፒ.ኤስ.ፒ.ውን ማብሪያ ወደ ላይ ገፋ ታደርግና ባለበት ያንቀላፋል፤ ስትመለስ ካቆምክበት ይቀጥላል። ታሪኩን ብቻ ለሚከተል በአሥራ አምስት ሰዓት ገደማ ያልቃል። ሦስት መቶውንም ካልጨረስኩ የሚል ካለ ግን የቤት ሥራውን ማን እንደሚሠራለት ይንገረን።

ጄነሲስ ስለሚባለው ተቃዋሚ የተጻፈውን እንዝለለው። ግጥም አብዝቷል ነው ቅሬታው፤ አብዝቷል። ጃፓናዊው ዘፋኝ ጋክት ነው መልኩንም ድምፁንም የሰጠው፤ ለእሱ ተብሎ ሰፊ ቦታ የተለቀቀለት ይመስላል። በተቃራኒው ሴፊሮትን፣ የ1997ቱን ክፉ ሰው፣ ገና ጤነኛና ለወዳጁ የሚያዝን ሆኖ ማየቱን ሁሉም ወዶታል።

አሁን ወደ መጨረሻው። ያልተጫወታችሁ ይህን አንቀጽና ቀጣዩን እለፉ ብንላችሁም እንደማታልፉ እናውቃለን። ዛክና ክላውድ አራት ዓመት በሺንራ ቤተ ሙከራ ታስረው ያመልጣሉ። ክላውድ ራሱን አያውቅም፣ መራመድም መናገርም አቅቶታል፤ ዛክ ደግፎት፣ ጎትቶት፣ አንዳንዴም የጭነት መኪና ለምኖ፣ ኤሪዝ ወዳለችበት ወደ ሚድጋር ከተማ ይጓዛል። በመሀል ከኤሪዝ የመጣ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ሰማንያ ዘጠነኛዋ ደብዳቤ ናት፤ የቀሩት አልደረሱትም። ከተማዋ በምትታይበት ኮረብታ ላይ የሺንራ ጦር ይጠብቃቸዋል። ዛክ ክላውድን ሸሽጎ ብቻውን ይወጣል።

እዚህ ላይ ጌሙ ፊልም አያሳይህም፤ ተዋጋ ይልሃል። ትዋጋለህ። ወታደሩ አያልቅም። ያ ስትሰድበው የከረምከው መንኮራኩር መሽከርከሩን ይቀጥላል፤ ግን ፊቶቹ መደብዘዝ ይጀምራሉ። አንጂል ይመጣል፣ ይጠፋል። ሴፊሮት ይመጣል፣ ይጠፋል። ከዛክ ጭንቅላት ውስጥ ሰው በሰው ላይ ሲወጣ ታያለህ። የመጨረሻዋ ኤሪዝ ናት፤ እሷም ላይ መንኮራኩሩ ሊገጥም ይታገልና ያቅተዋል። ያኔ ነው ሃያ ሰዓት ሙሉ ሎተሪ ያልከው ነገር የልጁ ትዝታ እንደነበር የሚገባህ። ሌቨልህ ምንም ያህል ይሁን አታሸንፍም። ከስድስቱ ጸሐፊዎች፣ መንኮራኩሩን የሰደቡት አራቱ ጭምር፣ እዚህ ቦታ ላይ ያልተስማማ አንድም የለም።

አንድ የድሮ ተጫዋች ግን «በ1997ቱ ጥቂት ወታደሮች ናቸው ተኩሰው የጣሉት፤ አሁን አንድ ጦር ሙሉ አመጡ፤ አጋነኑት» ብሎ ተከራክሯል። ልክ ነው፣ ለውጠውታል። የቀድሞው አሟሟት በድንገት የሆነና ምስኪን ነበር፤ ለእውነቱ እሱ ይቀርባል። አዲሱ ጀግና ያደርገዋል። እኔ ሁለቱንም እቀበላለሁ፤ ጦሩን ሁሉ አልፎ በመጨረሻ የጣሉት ያው ጥቂት ወታደሮች ናቸውና።

ሰባተኛዋ ወረቀት እንዲህ ትላለች፦ «ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። በስልክ ጌም ውስጥ ለሞተ ሰው ሌሊት ሲያለቅስ አገኘሁት። ባለፈው ዓመት የአጎቱ መርዶ ሲመጣ ግን አላለቀሰም። ይኼ ጌም ልጄን ምን አደረገብኝ?»

እናቴ፣ በመጀመሪያ ለሐዘንዎ መጽናናትን እንመኛለን። ለዕድሜው ከሆነ ጥያቄው፣ በአሜሪካ ይህ ጌም የተፈቀደው ከአሥራ ሦስት ዓመት ጀምሮ ላሉ ነው፤ ሰይፍና ጥይት አለበት፣ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ስለ ልቅሶው ደግሞ የምናውቀውን ያህል እንንገርዎ። መርዶው እንዴት መጣ? በስልክ፣ ከወራት በኋላ፣ ሬሳ በሌለበት ነው የመጣው ብለው ጽፈዋል። ሰው ሲሰበሰብ ልጅዎ ሻይ ሲያቀርብ ዋለ ብለዋል። የአጎቱን መጨረሻ አላየም፤ አብሮትም አልሄደም። ከዛክ ጋር ግን ሳምንታት አብሮት ሰንብቷል፤ ጣቱ እስኪደክም ድረስ ላድነው ብሎ ታግሏል። ጌሙ ምንም አላደረገብዎትም ብለን ነው የምናስበው። ለማን እንዳለቀሰ ደግሞ እሱም ለይቶ ላያውቀው ይችላል። ቢቀጥል አብረውት ቁጭ ይበሉና «ይኼ ልጅ ማነው?» ብለው ይጠይቁት። የዛክን እናትና አባት ታሪክም ይንገርዎ። በ1997ቱ ጌም ጎንጋጋ ቤታቸው ሲገባ፣ ወታደር ልሁን ብሎ የወጣ ልጃችንን አይታችኋል ወይ ብለው እንግዳውን ሁሉ ይጠይቃሉ። መልሱን የሚያውቀው ተጫዋቹ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ «የቱን እንጫወት?» ለሚሉት። የመጀመሪያው በፒ.ኤስ.ፒ. ዲስክ ብቻ ነው የወጣው፤ መሣሪያው ከ2014 ወዲህ ስለማይመረት ያለው ያገለገለው ብቻ ነው፤ ስትገዙ ባትሪው አብጦ እንዳይሆን ጀርባውን ከፍታችሁ እዩ። በታኅሣሥ 2022 «ሪዩኒየን» በሚል ስም ታድሶ ለስዊች፣ ለፕሌይስቴሽን 4 እና 5፣ ለኤክስቦክስና ለኮምፒውተር ወጥቷል። ሥዕሉ ጠርቷል፣ ውጊያው ፈጥኗል፣ መንኮራኩሩም ገደብ ገብቶለታል፤ ፊቶቹ ሲገጥሙ ኃይሉን በፈለግህ ሰዓት ትጠቀምበታለህ።  በእንግሊዝኛው የዛክ ድምፅ ግን ተለውጧል፤ የድሮው ይሻላል የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ምርጫ ካላችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጫወት ሰው አዲሱን ቢይዝ ይቀለዋል።

እንግሊዝኛችሁ ደከም ያለ ከሆነ አትፍሩ። ለዛክ በየጊዜው አጫጭር መልእክት ይላክለታል፤ ግማሹ ቀልድ ነው፤ አንብቡት። አንዱ ጸሐፊያችን የማያውቃቸውን ቃላት በደብተር እየጻፈ ለታናሹ እንደሚያስጠና ነግሮናል።

ለሚቀጥለው እትም ጥያቄያችን ይኸውና፦ የ1997ቱን ሳይጫወት በዛክ የጀመረ ሰው ካለ፣ መጨረሻው ላይ ምን እንደተሰማው ይጻፍልን። ታላቅ ወንድም ያልነገረው ማለታችን ነው። ወረቀታችሁን ከትምህርት ቤቱ በር አጠገብ ባለው ሣጥን ክተቱልን፤ ስም መጻፍ ግዴታ አይደለም። በሰላም ቆዩን።