ጥርሳሙ ዓሣ

መቼም «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚለው ተረት ለእኛ የተነገረ ሳይሆን አይቀርም። ባለፈው ቅዳሜ ጋርላንድ አጠገብ ባለው በሬይ ሃበርድ ሐይቅ ዳር ሦስት ሆነን መንጠቆ ጥለን ተቀምጠናል። በድንገት የእኔ ክር ተወጠረ። ስጎትት ቆይቼ ያወጣሁት፣ አፉ እንደ ወስፌ የሾለ፣ በጥርስ የታጠረ፣ ገላው እንደ ጥሩር የጠነከረ ፍጡር ነበር። ቴክሳሶች «ጋር» ይሉታል፤ ከማን ጋር እንደሆነ እንጃላቸው!

ወዳጃችን ገና ሲያየው፣ «ይኼ ቆሻሻ ነው፤ ደህናውን ዓሣ የሚጨርሰው እሱ ነው። ዳር ላይ ጣለውና ይድረቅ!» አለ። ልጥለው ስል ጣና ዳር ያደጉት አዛውንት ጓደኛችን ተቆጡ።

«ልጄ፣ ካልፈለግኸው ወደ ቤቱ መልሰው። የማትበላውን ለምን ትገድላለህ?»

«እሺ ጋሼ» ብዬ መንጠቆውን በፒንሳ ነቅዬ ለቀቅሁት። ነገሩ ግን እኔን አልለቀቀኝም።

ለካስ ጋር አየርም መሳብ ስለሚችል፣ ዳር ላይ ቢጣል ቶሎ አይሞትም፤ ለሰዓታት ይሰቃያል። ዘሩ በምድር ላይ ከ100 ሚሊዮን ዓመት በላይ የቆየ ነው። ከዳላስ በታች በትሪኒቲ ወንዝ የሚኖረው ትልቁ ዘመዱ አሊጌተር ጋር ደግሞ ከ2 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ዕድሜውም ከ50 ዓመት ሊያልፍ ይችላል። ሴቷ ለመውለድ እስክትደርስ 10 ዓመት ያህል ይፈጅባታል። እንቁላሏን የምትጥለው ወንዙ ሞልቶ ሣሩን ሲያለብስ ስለሆነ፣ በየዓመቱ አይቀናትም። እናም አንድ ትልቅ ጋር መግደል የብዙ ዓመት ሥራ ማፍረስ ነው።

በ1930ዎቹ መንግሥት ራሱ በቴክሳስ ውኃ ላይ ጋርን በኤሌክትሪክ የሚፈጅ ጀልባ አሰማርቶ ነበር። በኋላ ሆዱ ተከፍቶ ሲመረመር፣ በአብዛኛው በብዛት ያገኘውን ዓሣ የሚበላ እንጂ እንደሚወራበት የሌላው ጠላት ሆኖ አልተገኘም። በ2009 በሰው በቀን አንድ አሊጌተር ጋር ብቻ እንዲያዝ ተወሰነ። በ2019 ደግሞ በትሪኒቲ፣ ከዳላሱ አይ-30 ድልድይ ወደ ታች፣ ልዩ ፈቃድ የሌለው ሰው ከ48 ኢንች የሚበልጠውን እንዲለቅ ተደነገገ። ሊበላ የሚችል ዓሣን ሳይፈልጉት እንዲሞት መተውም በቴክሳስ ያስቀጣል። የጋር ሥጋ ይበላል፤ እንቁላሉ ግን መርዝ ነውና ተጠንቀቁ።

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች የሚኖረው ጥርሳሙ ፓይክም እንደዚሁ እንደ ሌባ ተቆጥሮ ሲገደል ኖሯል። ዛሬ ብዙ አጥማጆች ፎቶ አንስተው ይለቁታል።

እኛስ? አምባዛ ቅርፊት የለውም ብሎ የማይበላ ብዙ ነው። የእምነት ጉዳይ ነውና ማንም አያስገድደንም። ነገር ግን አለመብላት ሌላ፣ መናቅ ሌላ።

አዛውንቱ ስለ ጣና ያወጉን ይኸንኑ ነው። በአገራችን በደፈናው «ነጭ ዓሣ» የምንለው፣ ሳይንቲስቶች ለይተው ሲያዩት ከ15 የማያንስ ዝርያ ሆኖ ተገኘ። አብዛኞቹም ከጣና በቀር በዓለም የትም የሉም። በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራና ርብ ሲወጡ፣ መረብ በወንዙ አፍ ላይ ይጠብቃቸዋል። ከ1990ዎቹ ወዲህ ቁጥራቸው እጅግ ወርዷል። ስሙን ለይተን ያላወቅነው ነገር ሲያልቅ እንኳ አይታወቀንም።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ሐይቅ ዳር ስትወርዱ ከመንጠቆው ጋር ፒንሳና ወፍራም ጓንት ያዙ። ጥርሳሙ ከመጣ ስሙን ጠይቁ፤ ካልበላችሁት መልሱት። በሰው አገር ስማችንን ሳይጠይቅ የሚንቀን ሰው ምን ያህል እንደሚያመን የምናውቅ እኛ፣ ይኼ ሊከብደን አይገባም።