ድፎው ጓዳ፣ ኬኩ ሳሎን

በታናሽ እኅቴ ልጅ ልደት ኮምቦልቻ ተሰብስበን ነበር። ታላቅ እኅታችን በዋዜማው ደሴ የጋገረችውን ድፎ በኮባው እንደተጠቀለለ በነጠላ ቋጥራ፣ በሚኒባስ ሐረጎን ስትወርድ ከጭኗ ሳታወርድ አደረሰችው። ድፎው ጓዳ ገባ። ሳሎን የተሰየመው ቸኮሌት የተቀባ፣ ኮኮናት የተነሰነሰበት ኬክ ነበር። «ዳቦው ኋላ ለሠራተኞቹ ይሆናል» አለ አንዱ። እኅቴ ሰማች፤ ነጠላዋን አጣጥፋ ዝም አለች።

ኬክ ጠል አይደለሁም፤ ደሴ ፒያሳ ያደገ ሰው እንዴት ይሆናል? የምጣላው «ኬክ ሥልጣኔ፣ ድፎ ባላገር» ከሚለው ጋር ነው። እስቲ አውስትራሊያውያንን ተመልከቱ። ላሚንግተን የሚሉት ኬካቸው አራት ማዕዘን ተቆርጦ ቸኮሌት ውስጥ ይነከርና በደረቀ ኮኮናት ይንከባለላል፤ በቃ። ስሙ እ.ኤ.አ. ከ1896 እስከ 1901 ኩዊንስላንድን ካስተዳደሩት ከሎርድ ላሚንግተን ተወሰደ ይባላል፤ ከባለቤታቸው ነው የሚልም አለ። ካካዎው ከአሜሪካ ምድር የመጣ ነው። ይህን የመቶ ዓመት ልጅ ግን «ባህላችን» ለማለት አላፈሩም፤ ማን ጋገረው፣ የት ተጀመረ እያሉ ዛሬም ይሟገታሉ፣ ጁላይ 21ንም ቀኑ ብለውለታል።

የእኅቴስ? የስንዴውን ዱቄት በእርሾ አቡክታ፣ ጥቁር አዝሙድና ኮረሪማ ጨምራ፣ ኩፍ እስኪል ጠበቀችው። ምጣዱ ላይ ኮባ አነጠፈች፣ ሊጡን ገለበጠች፣ በኮባ ሸፈነች፣ ቆርቆሮ ደፍታ ፍም ጫነችበት። ከላይ እሳት፣ ከታች እሳት። ሁለቱ ካልተመጣጠኑ ወይ ያርራል፣ ወይ ልቡ ሊጥ ይቀራል። ሰዓት አትይዝም፤ መብሰሉን በመዓዛው ነው የምትለየው። ይህ ነው እንግዲህ ኋላ ቀር የተባለው ሙያ!

በወሎ ደግሞ ሥጋ የሙስሊም፣ የክርስቲያን ተብሎ ይለያል፤ ዳቦ ግን አይለይም። በዚያ ሳሎን የተቀመጡት የሁለቱም ሃይማኖት ጎረቤቶች አንዱ ቤት ለሌላው ሲቆርስ ያደጉት ይህንኑ ነው።

ጽሑፍ ወዳድ ነን የምንለውም ከወቀሳው አናመልጥም። የእናቶቻችንን ልክ ማን ጻፈው? «በዓይን ነው» ይላሉ፤ ዓይናቸው ሲከደን ልኩም አብሮ ይቀበራል።

ማምሻውን ድፎውን ከጓዳ አወጣሁት። አንድ አዛውንት ጎረቤት መርቀው ቆረሱ። ሕፃናቱም ከኬኩ ላይ ኮኮናቱን እያራገፉ በሉ። ለከርሞው ግን እኅቴ «እንግዲህ ኬክ ግዙ» ብላለች። እስካሁን ላግባባት አልቻልሁም።