ስልክንም «ተጠየቅ» በሉት

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፣ ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል ይባል ነበር። ዛሬ ግን ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው መሣሪያ ያልተደረገውን በሥዕል እያሳየ፣ ሰው ያልተናገረውን በገዛ ድምፁ እያስነገረ ዓይንንም ጆሮንም ያታልላል። እኔ በአንገር ጉቲን ያለሁ ጡረተኛ መምህር ነኝ፤ ተማሪዎች ይህን መመርመር ይማሩ ስል የሚቃወሙኝ አሉ።

አንዱ «ስልኩን ከትምህርት ቤት አግዱ» ይላል። ጧት የታገደው ስልክ ግን ማታ ከልጁ እጅ ይገባል።

ሌላው «ሕግ አለ» ይላል። እውነት ነው፤ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወጥቷል። ነገር ግን አዋጁ ከወጣ በኋላ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ መምህር ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በቤታቸው ደጅ ተገደሉ። አስቀድሞ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ከሐሰት ክስ ጋራ በፌስቡክ ተሠራጭቶ ነበር። ያን ጊዜ ሐሰተኛው እውነተኛ ፎቶግራፍ ፈለገ፤ ዛሬ ፎቶግራፉንም መሣሪያው ይሠራለታል። ብዙ ሕዝብ በግጭት በተፈናቀለባት በወለጋ ደግሞ አንድ የሐሰት ሥዕል እንደ ክብሪት ነው።

ሦስተኛው «ልጅ መጠራጠርን ከለመደ ታላቁን ይንቃል» ይላል። አባቶቻችን በችሎት «ተጠየቅ!» እያሉ ሲሟገቱ ዳኛውን የናቁ ነበሩን? መጠየቅ ንቀት አይደለም። ከሰሌዳ መገልበጥ ብቻ የለመደ ተማሪ ግን ከመሣሪያውም ሳይመረምር ይገለብጣል።

መምህራን ሆይ፣ ጠባዩን ለተማሪዎቻችሁ ንገሯቸው። መሣሪያው ብዙ ጽሑፍ አይቶ፣ ከአንዱ ቃል ቀጥሎ የትኛው ሊመጣ እንደሚችል እየገመተ ይጽፋል እንጂ ነገሩን አይቶ አይመሰክርም። በአማርኛና በኦሮምኛ ያገኘው ጽሑፍ ጥቂት ስለሆነም በቋንቋችን ይበልጥ ይሳሳታል። ስለ አናሲሞስ ነሲብ አስጽፉትና ተማሪዎቹ ከመጻሕፍት ጋራ ያመሳክሩት። ከአስቴር ጋኖ ጋራ የደከሙበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 መታተሙን በትክክል ጽፏልን? የሳተውን ልጆቹ ራሳቸው በቀይ ቀለም ያርሙት።

እናንተም ወጣቶች፣ ለወዳጃችሁ ከመላካችሁ በፊት ማን ተናገረው? መቼና የት ሆነ? ሌላ ማን አየው? ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ አትላኩት። ያልመረመረውን የሚያሠራጭ ሰው ባላየው ነገር የመሰከረ ነውና።