«ጨርሻለሁ» ሲላችሁ ቶሎ አትመኑት!

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ የአንዲት ተመራቂ ተማሪ ነው። «የመመረቂያ ጽሑፌን የምሠራው ፍላሽ ላይ ነው። ታናሽ ወንድሜ ፊልም ሊገለብጥ ቸኩሎ ፍላሼን ከቤታችን ኮምፒዩተር መንጭቆ አወጣው። ከዚያ ወዲህ ስሰካው ‹ፎርማት ይደረግ?› እያለ ይጠይቀኛል። ወንድሜ ‹ስክሪኑ ላይ የሚገለበጥ ነገር አልነበረም› ባይ ነው። ከተኮራረፍን ሁለት ሳምንት ሆነን። ጥፋተኛው ማነው?» ትላለች።

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ለዚያ ጥያቄ «እሺ» እንዳትዪ! አዲስ ነገርም አትጫኚበት። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ጽሑፉ ሳይሆን ፋይሉ የት እንዳለ የሚያሳየው ማውጫ ነው። ስለዚህ የጠፋ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም ያለው ባለሙያ ሊያተርፍልሽ ይችላል። ዋስትና ግን የለውም።

ወንድምሽን ግን ታረቂው። ላይዋሽሽ ይችላል። ኮምፒዩተር ለፍጥነት ሲል ፍላሹ ላይ የሚጽፈውን አንዳንዴ ለጊዜው በራሱ ሜሞሪ ያቆየዋል። ደብዳቤውን ኪሱ ውስጥ እንደያዘ «አድርሻለሁ» የሚል መልእክተኛ በሉት! በዚያች ቅጽበት ከነቀላችሁት ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ይቀራል።

«እኔ ሁልጊዜ ዝም ብዬ ነው የምነቅለው፤ ምንም ሆኖ አያውቅም» የምትሉ አትጠፉም። እውነት አላችሁ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2018 ካወጣው ዊንዶውስ 10 ቁጥር 1809 ጀምሮ፣ አንድ ሰው ካልቀየረው በቀር፣ ዊንዶውስ ለፍላሽ እንዲህ አያቆይም። ቢሆንም እየጻፈ ሳለ መንቀል ያው አደጋ ነው። ፋይሉን ከፍላሹ ላይ ከፍታችሁ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ መቼ እንደሚጽፍ አይታወቅም። ማክና ሊኑክስ ላይማ «ኢጀክት» ሳይሉ መንቀል ጨርሶ አይመከርም።

ታዲያ ምን ይሻላል? የከፈታችሁትን ፋይል ዝጉ። ከስክሪኑ ታች፣ ሰዓቱ አጠገብ ያለችውን የፍላሽ ምልክት ተጫኑና «ኢጀክት» በሉ። ምልክቷ ካልታየች ትንሿን ቀስት ንኩ። «መንቀል ትችላለህ» ሲላችሁ ብቻ ንቀሉ። «በሥራ ላይ ነው» ብሎ እምቢ ካለ የተከፈቱትን ፕሮግራሞች ዘግታችሁ ድገሙት። አሁንም እምቢ ካለ ኮምፒዩተሩን አጥፍታችሁ ንቀሉ። ውስጡ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከሆነ ደግሞ ድምፁ እስኪጠፋ ጥቂት ሰኮንድ ታገሡት።

መብራት ድንገት ሲሄድም ባትሪ በሌለው ኮምፒዩተር ላይ ፍላሹን እንደ መመንጨቅ ነው። ስለዚህ ሥራችሁን ኮምፒዩተሩ ላይ ሥሩ፣ ወደ ፍላሹ ገልብጡ፣ ወዲያው ኢጀክት አድርጋችሁ አውጡት። የዓመት ልፋት በአንድ ፍላሽ ብቻ አይቀመጥም፤ ሁለተኛ ቅጂ ሌላ ቦታ ይኑራችሁ።

ቸር ይግጠመን!